ውሃው ሲሞላ ማን ተቆርጦ ይቀራል? የመንገዶቻችንን የጎርፍ ተጋላጭነት ስለ መመዘን

ክረምት በገባ ቁጥር ከየአቅጣጫው የምንሰማው ዜና አለ። ድልድይ ተደረመሰ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ ተሽከርካሪዎች ሜዳ ላይ አደሩ ይለናል። ሰምተን እናዝናለን፤ መስከረም ሲጠባ እንረሳዋለን። በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ዜና፣ ብዙ ጊዜም ከዚያው ቦታ ይመለሳል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህ መደጋገም የግድ እንዳልሆነ ላስረዳችሁ ነው። የትኛው መንገድ፣ የትኛው ቦታ ላይ፣ በምን ያህል ውሃ እንደሚቆረጥ ዝናቡ ሳይመጣ በፊት ማወቅ ይቻላል። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መጠየቅ ያስፈልጋል። ውሃው የት ይደርሳል? የደረሰበትን መንገድ ምን ያደርገዋል? መንገዱ ሲቆረጥ ማን ተቆርጦ ይቀራል፣ ለስንት ቀንስ?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች መሐንዲሶቻችን በየሥራቸው ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ለጥገናና ለመከላከያ ያለችን ጥቂት ገንዘብ መመራት ያለባት ግን በዚህ በሦስተኛው ጥያቄ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ንግግሬም የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ከበደ?

የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር አገራችን የነበራት መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ቁጥሩ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ከጭማሪው ትልቁን ድርሻ የያዘው ቀበሌን ከቀበሌ፣ ቀበሌን ከወረዳ የሚያገናኝ፣ በጋ ከክረምት ያስኬዳል ተብሎ የተሠራ የጠጠር መንገድ ነው። ይህ በብዙ ድካም የተገኘ ሀብት ነው።

መንገድ በገባበት ሁሉ ግን ሰው ኑሮውን በመንገዱ ላይ ይመሠርታል። ቀድሞ የክረምቱን ጨውና ጋዝ በግንቦት ገዝቶ ያስቀምጥ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ በየሳምንቱ ከሱቅ ይገዛል። ቀድሞ በቤቷ ትወልድ ለነበረች እናት ዛሬ ምጥ ሲጠናባት አምቡላንስ ይጠራላታል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚጓጓዘውም ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ አንዳንዴም ከጀመረ በኋላ ነው፤ መንገዱ ለሁለት ሳምንት ከተዘጋ የዘር ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ የመንገዱ መቆረጥ ዛሬ የሚያደርሰው ጉዳት አባቶቻችን ከሚያውቁት ጉዳት በእጅጉ ይበልጣል።

ችግሩ በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት የዓለምን መንገዶችና የባቡር ሐዲዶች ከተፈጥሮ አደጋ ካርታዎች ጋር አስተያይቶ ነበር። በየዓመቱ በአማካይ ከሚጠበቀው ጉዳት ውስጥ ሦስት አራተኛ የሚጠጋውን የሚያደርሱት የወንዝ ሙላትና የዝናብ ጎርፍ ሆነው ተገኙ፤ የባሕር ዳርቻ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና አውሎ ነፋስ የቀረውን ይጋራሉ። ጥናቱ አንድ የሚያበረታታ ነገርም አለው። በመቶ ዓመት አንዴ ለሚጠበቅ ጎርፍ ከተጋለጡት መንገዶች 60 በመቶ በሚሆኑት ላይ፣ አስቀድሞ ለመከላከል የሚወጣው ወጪ ከሚያድነው ሀብት ያንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ምክር በገንዘብ ሲሰላም ያዋጣል ማለት ነው።

አንደኛው ጥያቄ፦ ውሃው የት ይደርሳል?

ጎርፍ ሁሉ አንድ አይደለም፤ መንገድን የሚያጠቃበት መንገድም ይለያያል።

የፎገራን ሜዳ እንውሰድ። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ። ከደጋው ያጠቡትን አፈር ተሸክመው ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንስና የተሸከሙትን ይጥላሉ። የወንዙ አልጋ በደለል እየሞላ ሲሄድ ውሃው ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ከታች ደግሞ የጣና ሐይቅ በክረምቱ መገባደጃ ስለሚሞላ ውሃው ቶሎ አይጎድልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም ላይ የደረሰው የጎርፍ አደጋ የዚህ ዓይነት ሙላት ነበር። እንዲህ ያለው ውሃ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎም ይሄዳል፤ መንገዱን ለቀናት ውሃ ውስጥ ያቆየዋል።

የድሬዳዋው ሌላ ነው። የከተማዋን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደርሶ አሸዋውን ወንዝ ያደርገዋል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደራሽ ጎርፍ መንገድ ላይ የሚቆየው ለሰዓታት ነው፤ ጉልበቱ ግን ድንጋይና ግንድ ያንከባልላል፣ የድልድይ እግር ይነቅላል።

ሦስተኛው የከተማ ጎርፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መሬቱ በአስፋልትና በሲሚንቶ ስለተሸፈነ ዝናቡ አይሰርግም። የጎርፍ መውረጃው በፌስታል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስና በግንባታ አሸዋ ሲደፈን አስፋልቱ ራሱ የውሃ መውረጃ ይሆናል። ይህ ጎርፍ ወንዝ በሌለበትም ይመጣል፤ ስለዚህ የወንዝ ካርታ ብቻ ይዞ የሚሠራ ግምገማ አያገኘውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላጥራ። መሐንዲሶች ድልድይና ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ ሲነድፉ «የአሥር ዓመት ጎርፍ»፣ «የሃምሳ ዓመት ጎርፍ» ይላሉ። ለትንሽ ቱቦ አነስተኛው፣ ለትልቅ ድልድይ ከፍተኛው ይመረጣል። የሃምሳ ዓመት ጎርፍ ሲባል ግን አንዴ መጥቶ ሃምሳ ዓመት ያርፋል ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ ሁለት ነው ማለት ነው። ለዚህ ጎርፍ የተነደፈ ድልድይ ሃምሳ ዓመት ቢያገለግል፣ በዕድሜው ውስጥ ቢያንስ አንዴ ከአቅሙ በላይ የሆነ ጎርፍ የሚገጥመው ዕድል ከመቶ 64 ያህል ነው። አሁን ከአንድ ድልድይ ወደ መላው የመንገድ አውታር እንሻገር። አንድ ወረዳ ውስጥ ለአሥር ዓመት ጎርፍ የተነደፉ ሃያ ቱቦዎች ካሉ፣ ሁሉም በትክክል ተሠርተው ቢሆን እንኳ በየዓመቱ በአማካይ ሁለቱ ከአቅማቸው በላይ ውሃ ያገኛቸዋል። ወረዳው መጠየቅ ያለበት ዘንድሮ ይደርስብን ይሆን ወይ ብሎ ሳይሆን የትኞቹ ላይ ይደርሳል ብሎ ነው።

ስሌቱ የቆመበት መሬትም ይለወጣል። ከቱቦው በላይ ያለው ተራራ ደን ለብሶ ሳለ የተሰላ የውሃ መጠን፣ ደኑ ከተመነጠረና ቁልቁለቱ ከታረሰ በኋላ አይሠራም። ቱቦው ያው ነው፤ የሚመጣበት ውሃ ግን ጨምሯል።

ታዲያ ውሃው የሚደርስበትን የሚያሳይ ካርታ ከየት እናገኛለን? እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው የመሬት ከፍታ ካርታ ለማንም ክፍት ነው። ሴንቲኔል-1 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ውሃ የተኛበትን መሬት በራዳር ያነሣሉ፤ ራዳር ደመና ስለማያግደው በክረምታችን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። መንገዶቹን ለማግኘት በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው የኦፕን ስትሪት ማፕ ካርታ አለ። አንድ ተማሪ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለው ሦስቱን ደርቦ የወረዳውን መንገዶች መመርመር ይችላል።

የካርታውን ልክ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የከፍታ ካርታው 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነን መሬት በአንድ ቁጥር ይወክላል፤ ቁጥሩም በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ቱቦ እዚያ ላይ አይታይም። ስለዚህ ካርታው የት ሄደን ማየት እንዳለብን ይጠቁማል፤ በቦታው ያለውን ሁኔታ የሚያውቀው ግን በቦታው የኖረ ሰው ነው። በአካባቢው ያረጁ አባቶችና እናቶች፣ የመንገድ ጥገና ሠራተኞች፣ በዚያ መስመር የሚመላለሱ የኢሱዙ ሾፌሮች ውሃው በየትኛው ዓመት እስከ የት እንደደረሰ፣ ለስንት ቀን እንደተኛ ያውቃሉ። ይህ እውቀት ተጽፎ ካልተያዘ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የደረሰበትን መንገድ ምን ያደርገዋል?

ውሃ መንገድን የሚጎዳበትን መንገድ ለመረዳት አንድ ቱቦ እንዴት እንደሚቆረጥ በቅርብ እንየው። ተዳፋት ላይ የሚያልፍ የጠጠር መንገድ አስቡ፤ ከሥሩ አፉ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ቱቦ አለ። በበጋ በመኪና ሲታለፍ ደህና ይመስላል። ጎንበስ ብሎ ላየው ግን አንድ ሦስተኛው በደለል ተሞልቷል። ከላይ ያለው ማሳ እስከ መንገዱ ጠርዝ ታርሷል።

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ይወርዳል። የመጀመሪያው ውሃ የበቆሎ አገዳ፣ ገለባና የተቆረጠ ቅርንጫፍ እየገፋ ይመጣል። ቅርንጫፉ በቱቦው አፍ ላይ ይጋደማል፤ አገዳው እሱ ላይ ይቆለላል። መውጫ ያጣው ውሃ ከመንገዱ በላይ በኩል ይጠራቀማል፣ ከፍ ይላል፣ በመጨረሻም በመንገዱ ላይ ይፈስሳል። የመንገዱን አናት ብዙም አይጎዳውም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከታች ነው። ውሃው በታችኛው ትከሻ በኩል ቁልቁል ሲወረወር የሙሌቱን ግርጌ ይቆፍራል፤ ትከሻው ይናዳል፤ ናዳው ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱ መሃል እየበላ ይመጣል። ሲነጋ በመንገዱ ቦታ ገደል አለ፤ ቱቦው ሳይሰበር ተንከባልሎ ከታች ወድቋል።

ሪፖርቱ ላይ «በከባድ ዝናብ ምክንያት ተቆረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ዝናቡ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያንን መንገድ ያስቆረጠው በበጋ ያልተጠረገው ደለል ነው። ሁለት ሰው በአካፋ በግማሽ ቀን ያድነው የነበረው መንገድ አሁን ግሬደር፣ ገልባጭ መኪናና አዲስ ሙሌት ይፈልጋል፤ መሣሪያው ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰሞን ሌላ ቦታ ተጠምዶ ይገኛል።

ሁለተኛው ጉዳት ከዓይን የተሰወረ ነው። ወንዝ ሲሞላ በድልድይ እግር ዙሪያ እየተሽከረከረ መሠረቱ ያረፈበትን አፈርና ጠጠር ይጠርጋል። ጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ከላይ አይታይም፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ደለል መልሶ ይሸፍነዋል። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት በስኮሃሪ ክሪክ ላይ የተሠራው የአውራ ጎዳና ድልድይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1987 በጎርፍ ሙላት ጊዜ የተደረመሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ከእግሮቹ ሥር ያለው አፈር ታጥቦ ነበር፤ እግሮቹን እንዲጠብቅ የተደረደረው ድንጋይ በጎርፍ እየተወሰደ አልተተካም ነበር። አሥር ሰዎች ሞቱ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለድልድይም ይሠራል። ለብዙ ክረምት የቆመ ድልድይ ዘንድሮም ይቆማል ብሎ ማሰብ ግምገማ ሊባል አይችልም፤ መሠረቱ በየበጋው መታየት አለበት።

ሦስተኛው ጉዳት ውሃው ከሄደ በኋላ የሚመጣ ነው። ለቀናት ውሃ ውስጥ የቆየ አስፋልት ከላይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ከሥሩ ያለው የጠጠርና የአፈር ንጣፍ ግን ርሶ ጉልበቱን አጥቷል። በዚያው ሳምንት ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ጎርፉ ያላደረሰውን ስብራት መኪናው ያደርስበታል። መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ ከባድ ተሽከርካሪን ለጥቂት ቀን ማቆም ባለንብረቱን ያስቆጣል፤ መንገዱን ግን ለዓመታት ያድናል።

አራተኛውን መንገዱ ራሱ ያመጣዋል። ሜዳ ላይ ከፍ ተደርጎ የተሞላ መንገድ በቂ የውሃ ማለፊያ ካልተተወለት ግድብ ይሆናል። ከላይ ያለውን ማሳና መንደር ያጥለቀልቃል፤ በመጨረሻም ራሱ ይጣሳል። ስለዚህ የመንገድ ግምገማ መንገዱ በጎረቤቱ ላይ የሚያደርሰውንም መመዘን አለበት።

ለተጓዡ ደግሞ አንድ ቁጥር ልስጥ። መንገድ ላይ የሚፈስ ውሃ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ለብዙ አውቶሞቢሎች መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ውሃው መኪናውን ማንሳፈፍ ይጀምራል። 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ፒክአፕን ጨምሮ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ጠርጎ ይወስዳል። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጥልቀቱን ቀርቶ ከሥሩ መንገድ መኖር አለመኖሩን የሚያይ ሾፌር የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ማን ተቆርጦ ይቀራል?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። በአውታር ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ሲነገር ቀላል ነው። መንገዶቹን ሁሉ በኮምፒውተር ካርታ ላይ ያሰፍራሉ። ከዚያ አንዱን ድልድይ ከካርታው ያጠፉና ሰው ከየቤቱ ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጨምርበት፣ ወይም ጭራሽ መድረስ እንደማይችል ያሰላሉ። ድልድዩን መልሰው ሌላውን ያጠፋሉ። መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱ ድልድይ መጥፋት የሚያስከትለው መዘዝ በዝርዝር ይወጣል።

በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ወረዳ ሁለት ድልድዮች አሉት እንበል። የመጀመሪያው በአስፋልት መንገድ ላይ ነው፤ በቀን 2,000 መኪና ያልፍበታል። ቢዘጋ 12 ኪሎ ሜትር የሚያስዞር ሌላ መንገድ አለ። ሁለተኛው በጠጠር መንገድ ላይ ነው፤ በቀን 40 መኪና ብቻ ያልፍበታል። ከማዶ ግን 18,000 ሰው ይኖራል፣ ሌላ መንገድም የለውም።

በተለመደው ስሌት የመጀመሪያው ድልድይ ቢዘጋ በየቀኑ 24,000 ኪሎ ሜትር ትርፍ ጉዞ ይመጣል፤ በነዳጅና በጊዜ ሲተመን ትልቅ ኪሳራ ነው። የሁለተኛው ትርፍ ጉዞ ዜሮ ነው፤ ምክንያቱም የሚዞርበት መንገድ የለም። ስሌቱ ያላግባብ የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው። መሄድ ያልቻለ ሰው ኪሎ ሜትር ስለማይጨምር ከቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ሁለተኛ መለኪያ እንጨምር፤ የተቆረጡትን ሰዎች በተቆረጡበት ቀን እናባዛ። ሁለተኛው ድልድይ ተሰብሮ ለመጠገን 20 ቀን ቢወስድ 18,000 ሰው ለ20 ቀን ሲባዛ 360,000 ይመጣል። የመጀመሪያው በዚህ መለኪያ ዜሮ ነው። አንድ ወረዳ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ካላየ ሁልጊዜ ለአስፋልቱ ይፈርዳል፤ ከወንዝ ማዶ ያለው ሕዝብም በየክረምቱ እንደተረሳ ይኖራል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው «አማራጭ መንገድ አለ» የሚለው አነጋገር ነው። ጎርፍ እንደ መኪና አደጋ አንድ ቦታ ብቻ አይመታም፤ በአንድ ዝናብ ብዙ ቦታ ይመታል። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው መንገድ ጉማራንም ርብንም ይሻገራል። ሁለቱ ወንዞች ከአንድ ተራራ ስለሚነሡ የሚሞሉትም ባንድ ሰሞን ነው። ጣናን በምዕራብ ልዙር የሚልም ግልገል አባይን ሳይሻገር አያልፍም። ካርታ ላይ ሁለት የሚመስል መንገድ አንድ ዓይነት ሰማይ ሥር ከሆነ በክረምት እንደ አንድ መቆጠር አለበት።

ለአገር ሲሰላም ያው ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና ወጪ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ከአዋሽ በገዋኔ የሚመጣውና ከኮምቦልቻ በባቲ የሚወርደው መንገድ ሚሌ ላይ ይገናኛሉ፤ ከሚሌ ወደ ሰመራና ጋላፊ የሚዘልቀው አንዱ መስመር ነው። እዚያ ያለ አንድ ድልድይ የአዲስ አበባን ነዳጅ፣ የጎጃምን ማዳበሪያና የወሎን መድኃኒት ይሸከማል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ሲያፈናቅል ማሰብ የነበረብን ስለ ሁለቱም ነው፤ በውሃ ስለተከበበው አርብቶ አደርም፣ በዚያ መስመር ላይ ስለተንጠለጠለው አገርም። የድሬዳዋና ደወሌ መስመርና የባቡር ሐዲዱ ከዚህ አንጻር ሲታዩ ከንግድ ጥቅማቸው በላይ የመጠባበቂያ ዋጋ አላቸው።

መቆረጥ በሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ሞዛምቢክ አይታዋለች። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ቤይራ የተባለችውን የወደብ ከተማ መታ። ከከተማዋ ወደ መሃል አገር የሚዘልቀው ዋና አውራ ጎዳና በጎርፍ ተቆራረጠ። ከሳምንት በላይ በመኪና መግባት አልተቻለም፤ ምግብና መድኃኒት በሄሊኮፕተርና በጀልባ መግባት ነበረበት። በሞዛምቢክ ብቻ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። አደጋ በደረሰበት ሰዓት መንገድ የእርዳታው በር ነው፤ በሩ አንድ ብቻ ከሆነ ችግረኛው በብዛት ባለበት ቀን ይዘጋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ወረዳ የድልድዮቹና የቱቦዎቹ መዝገብ ይኑረው። ለእያንዳንዱ አምስት ነገር ይጻፍ፦ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ፣ ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደተዋጠ፣ ከማዶ ስንት ሰው እንዳለ፣ ቢቆረጥ በስንት ቀን እንደሚጠገን። ይህን ለመጻፍ ኮምፒውተር እንኳ የግድ አይደለም። መዝገቡ ላይ ተደጋግመው የሚዋጡና ብዙ ሰው የሚያስቀሩ ጥቂት ቦታዎች ጎልተው ይወጣሉ፤ በጀቱ ከእነሱ ይጀምር።

ሁለተኛ፣ ርካሹ ሥራ ይቅደም። ከግንቦት በፊት ቱቦና ቦይ መጥረግ፣ የታጠበ የድልድይ እግር በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) መደገፍ፣ የተናደ ትከሻ መሙላት። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ መንገድ እንዲጠገን ታስቦ ነው። ጥገናው ከዝናብ በፊት ሲደረግ ገንዘቡ መንገድ ያድናል፤ ከዝናብ በኋላ ሲደረግ ግን የተናደውን ከመሙላት አያልፍም።

ሦስተኛ፣ ሁሉንም ቦታ ከጎርፍ በላይ ማድረግ አንችልም። ትልቅ ድልድይ ለማይገባው ወንዝ፣ ውሃው ከላዩ ቢያልፍም የማይታጠብ ዝቅ ያለ የኮንክሪት መሻገሪያ መሥራት ይቻላል። ለጥቂት ሰዓት ይዘጋል፤ ውሃው ሲጎድል እንደነበረ ይገኛል። በአቅም ውስን ለሆነ አገር ለአጭር ጊዜ ተዘግቶ ቶሎ የሚከፈት መንገድ በየጥቂት ዓመቱ ከሚፈርስ ትልቅ ድልድይ ይሻላል። የውሃው ጥልቀት የሚነበብበት ምሰሶ አጠገቡ መቆም አለበት።

አራተኛ፣ ሊቆረጡ የሚችሉ ቦታዎች ታውቀው እያለ ክረምቱን ባዶ እጅ አንጠብቅ። ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ለብዙ ወረዳ በሚያመች ማዕከል ይቀመጥ። ከወንዝ ማዶ ላለው ጤና ጣቢያ የሦስት ወር መድኃኒት በግንቦት ይድረስ። የመውለጃ ቀናቸው በሐምሌና በነሐሴ የሚውል እናቶች ወንዙ ሳይሞላ ወደ እናቶች ማቆያ ይምጡ። ይህ ሁሉ የመንገድ ሥራ አይመስልም፤ ነገር ግን ለሦስተኛው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው።

አምስተኛ፣ ከመንገድ የሚወርደውን ውሃ እንደ ጠላት ብቻ አንየው። በትግራይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከመንገድ ቦይና ቱቦ የሚወጣውን ውሃ ወደ ኩሬ፣ ወደ ማሳና ወደ ጉድጓድ የመምራት ሥራ ተሞክሯል፤ መቀሌ ዩኒቨርሲቲም ተሳትፎበታል። ገበሬው ውሃ ያገኛል፤ መንገዱም ይተርፋል። ከውሃው የሚጠቀም ገበሬ ቱቦውን ሳይነገረው ይጠርጋል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ አንዳንዶቻችሁ መሐንዲሶች ናችሁ። ነገ ጠዋት የምትመረምሩት ድልድይ ካለ፣ ከውሃው መጠንና ከኮንክሪቱ ጥንካሬ ቀጥሎ ከማዶ ያለውን ሕዝብ ቁጥር ሪፖርታችሁ ላይ ጻፉ። አንዳንዶቻችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናችሁ፤ ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርዕስ የምትፈልጉ ከሆነ የትውልድ ወረዳችሁን መንገዶች ውሰዱና የትኛው ድልድይ ቢጠፋ ማን እንደሚቆረጥ አስሉ። በጀት የምታጸድቁ ካላችሁ፣ ሁለቱን ቁጥሮች፣ የትርፍ ጉዞውንም የተቆረጡትን ሰዎችም፣ አንድ ገጽ ላይ ሳታዩ አትፈርሙ። ሾፌሮች ካላችሁ፣ ጥልቀቱን የማታውቁት ውሃ ውስጥ ተሳፋሪ ይዛችሁ አትግቡ። የቀራችሁት ሁላችሁ ደግሞ በሰፈራችሁ ያለውን አንድ ቱቦ እወቁ፤ በግንቦት ሄዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ደለል ከያዘ ጎረቤት ጠርታችሁ ጥረጉት፤ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ለቀበሌው በጽሑፍ አስታውቁ፣ ቅጂውንም ያዙ።

ዝናቡን ማዘዝ አንችልም። የትኛው መንገድ እንደሚቆረጥና ከማዶ ማን እንደሚቀር አስቀድሞ ማወቅ ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ከመጪው ሰኔ በፊት እያንዳንዱ ወረዳ መዝገቡን እንዲጽፍ እንጠይቅ፤ እስኪጽፍም ድረስ መጠየቃችንን አንተው።